ሦስት ጊዜ ከፈትሁት

ታኅሣሥ 4 ቀን

ልጄ፣

ያልሠራሁትን ሠርተሃል ብለው በደሉኝ። ለእናትሽ የገዛሽላትን ላፕቶፕ፣ ደንበኛው ራሱ ፈታትቶታልና ዋስትናው ተሰርዟል የሚል ወረቀት ለጥፈውበት፣ እንደ ሞተ መለሱልኝ።

ሰላምታ ሳላስቀድም ክሴን በማስቀደሜ ይቅር በዪኝ። ዘግይቶ ቢመጣም ሰላምታው ያው ሰላምታ ነው። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? የዚያ በሰው አገር የምትሠሪበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል እንፋሎት ደረትሽን ተወት አደረገልሽ? እኛ አለን። እናትሽ ትበላለች፤ ትተኛለች።

"ለምን ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም አላችሁ? እማዬስ ለምን መጻፍ አቆመች?" ላልሽው መልሱ ከላይ ያለው ነው። ዝም ያልሁት ተሠርቶ ይመለሳል ብዬ ነው። ደውልልኝ ብለሻል። በስልክ የተባለ ነገር ግማሹ ጆሮዬ አይገባም፤ የገባውም ምስክር የለውም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ሃያ ቀን ጠዋት እናትሽን ፊቷን አጥቤ፣ ትራስ ከጀርባዋ አድርጌ፣ ጠረጴዛው ፊት አስቀመጥኋት። ማሽኑን ከፈትሁት። ብልጭ አለና ጠፋ። ዘጋሁት፤ እንደ ገና ከፈትሁት፤ እምቢ አለ። በሦስተኛው ስከፍተው አንድ ጊዜ እንደ ጥንዚዛ ጢዝ ብሎ ከነጭራሹ ጨለመ። ከተገዛ ሰባት ወሩ ነው፤ የዋስትናው ወረቀት አንድ ዓመት ይላል። በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ጥገና ማዕከሉ ወሰድሁት።

እዚያ ፎርም ሰጡኝ። "ያጋጠመዎትን ችግር በራስዎ ቃል ይግለጹ" ይላል። በራሴ ቃል ጻፍ ተብዬ ፈርቼ አላውቅም። "ማሽኑን ጠዋት ከፈትሁት፤ እምቢ አለ። ዘግቼ እንደ ገና ከፈትሁት። ሦስት ጊዜ ከፈትሁት፤ በሦስተኛው ጨለመ" ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ዐሥራ አራት ቀን አስጠበቁኝ። ዛሬ ስሄድ የሰጡኝ ወረቀት ይህን ይላል፦ "ደንበኛው መሣሪያውን ሦስት ጊዜ እንደከፈተ በፊርማው አረጋግጧል። ከማዕከሉ ባለሙያ በቀር ማንም ሰው መሣሪያውን ከከፈተው ዋስትናው ይሰረዛል። አንቀጽ ስድስት።"

መስኮቱ ላይ ያለችውን ሠራተኛ፣ "የኔ ልጅ፣ ጠዋት ስትገቢ ይህን ከፊትሽ ያለውን ኮምፒውተር ምን ታደርጊዋለሽ?" አልኋት።

"እከፍተዋለኋ፣ አባባ።"

"በካቻቢቴ ነው?"

ሳቀች። "እርስዎ ደግሞ! አበራዋለሁ ማለቴ ነው እንጂ።"

"እኔስ ምን ማለቴ ነው?"

ሳቋ ቆመ። "እኔማ ገብቶኛል። የሚወስኑት ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት ናቸው። እነሱ የተጻፈውን ነው የሚያዩት።"

ማሽኑን ገልብጬ ብሎኖቹ ላይ ያለውን እሽግ አሳየኋት። አልተቀደደም፤ ጠርዙ እንኳ አልተነሳም። "አያለሁ" አለች። "ማየቴን ግን የምሞላበት ቦታ የለኝም።"

"ይህ ማሽን የባለቤቴ አንደበት ነው" አልኋት። "ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት፣ ከአምና ወዲህ በበሽታ ምክንያት ቃል አይወጣትም። ቀኝ ጎኗ አይሰማም። የግራ ክንዷም አይነሳም፤ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥሁላት አንዲት ጣት ብቻ ታንቀሳቅሳለች። በዚያች ጣት ነው ለልጇ የምትጽፈው።" ሰዉ ሁሉ ከወንበሩ ዞሮ አየኝ። ልመና አልነበረም፤ ማስረጃ ነበር። እንደ ልመና ግን ተሰማ፤ እሱ ነው ያበሸቀኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ፊደል ስለቅም ኖሬ በአንድ ግሥ ተያዝሁ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች ብዬ አልጽፍም፤ ማለቷን በምን ዐውቃለሁ? ይህን ስጽፍ ግን ዐይኗ ወረቀቱ ላይ ነው።

አባትሽ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ጮክ ብዬ ለእናትሽ። ለእሷ ሳነብ ሦስተኛውን መስመር ዘለልሁት። "እውነቱን ንገረኝ አባዬ፣ እውነት አልነካካኸውም?" የሚለውን። ለመጠየቅ ምክንያት አለሽ፤ የግድግዳ ሰዓታችን ከፈታታሁት ወዲህ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ልክ እንደሚሆን ዐውቃለሁ። ይህን ግን አልነካሁም። አንድ ጊዜ ብያለሁ፤ አልደግመውም።

"ለምን አበራሁት ብለህ አልጻፍህም" ብለሻል። ሰው ሬዲዮ ይከፍታል። ቧንቧ ይከፍታል። ቧንቧውን ክፈቺው ያልኋት ሴት ከግድግዳ ነቅላው አታውቅም። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁት ከማተሚያ ቤቱ የእርሳስ ቅርጽ ነው፣ ያውም ቀኙ ግራ ሆኖ። ከዚያ ወዲህ የስንቱ ምሁር ጽሑፍ በጣቴ አልፏል፤ የሳቱትን ሳልናገር አቃንቼ አሳልፌአለሁ። "ከፈተ"ን ያረመኝ የለም።

ወደ ሰፈር ጠጋኝ ውሰደው ላልሽውም፣ አይሆንም። እሱ ከፈታው ተፈታ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ውሸታቸው እውነት ይሆንላቸዋል። ሌላ ልግዛ ያልሽውንም ተዪው። ይህን ለመግዛት ሰው ሁሉ ሲያርፍ ስንት እሑድ አንሶላ ስታጥቢ እንደ ዋልሽ እናትሽ በዚያው ማሽን ጽፋ ነግራኛለች። በስልክ ትጻፍ ያልሽውን ሞክረናል፤ ፊደሎቹ ለጣቷ አነሱባት። አንዱን ስትነካ ሦስቱ ይመጣሉ፤ ተናደደች፤ እኔም ተውሁት።

አሁን እንዴት እንደምንግባባ ልንገርሽ። ጡረታ ስወጣ ከማተሚያ ቤት የሰጡኝን ትልቁን የፊደል ገበታ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ለጠፍሁት። በሹራብ መሥሪያ ዘንግ እያመለከትሁ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብዬ እወርዳለሁ። የፈለገችው ላይ ስደርስ ዐይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ወደ ጎን እሄዳለሁ፤ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ። እንደ ገና ስትጨፍን አንድ ፊደል ተገኘ። መጨፈን "አዎ" ነው፤ ማፍጠጥ "አይደለም" ነው።

የመጀመሪያውን ቃል እስክናገኝ ሾርባው በረደ። ከአንድ ወር ዝምታ በኋላ ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ወርጄ ወርጄ "ጨ" ላይ ጨፈነች። ጨነቀኝ ልትል ነው፣ ጨረስሁ ልትል ነው አልሁ በልቤ። ከዚያ "ው"ን ያዘች። ጨው! ሾርባው ጨው የለውም ነው የምትለኝ። ሁለተኛው ቃል "ደረቁ" ነበር። አርባ ሁለት ዓመት የጠራችኝ ስም ነው፤ አላሳጠረችውም። እኔ ስወጣ ከእሷ ጋር የምትቀመጠው ጎረቤታችን፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ይቺ ሴት ጤነኛ ናት!" አለች።

"ለልጃችን ምን ብዬ ልጻፍልሽ?" ብዬ ጠየቅኋት። አፈጠጠች። እንደ ገና ጠየቅኋት፤ እንደ ገና አፈጠጠች። ገባኝ። ሁለታችሁ ስትጻጻፉ ምን እንደምትባባሉ አይቼ አላውቅም፤ ማየትም አልፈለግሁም። አሁን የእናትና የልጅ ወሬ በእኔ ዘንግ ጫፍ ይለፍ ተብሏል። እሷ አልወደደችውም። እኔም አልወደድሁትም።

ማክሰኞ ወደ ማዕከሉ ተመለስሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አስገቡኝ። ትሑት ሰው ነው። ባለጌ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"አባባ፣ ዋስትናው እኮ ተሰርዟል" አለኝ።

"ዋሱ ማን ነበር?"

"አልገባኝም።"

"ዋስትና ካለ ዋስ አለ። እኔ በዘመኔ ለሰባት ሰው ዋስ ሆኛለሁ፤ በተጠራሁ ቁጥር ሄጃለሁ። የእናንተን ዋስ ጥራልኝና ዐይኔን እያየ ይንገረኝ።"

"ዋስትና ማለት ወረቀት ነው፣ አባባ።"

"ወረቀት ተጠርቶ ይመጣል?"

"አይመጣም" ብሎ ተስማማ። ሻይ አዘዘልኝ፤ አልነካሁትም። ለዋናው መሥሪያ ቤት ይግባኝ ይጻፉ አለኝ። ሁለት ገጽ ጻፍሁ፤ አንድም ስርዝ የለበትም። መልሱን እጠብቃለሁ።

አባትሽ


ጥር 14 ቀን

ልጄ፣

በዓይነ ኅሊናዬ ተቆጥተሽ እያየሁሽ ነው የምጽፈው፤ ይሁን። ደረትሽን ሐኪም አየልሽ ወይ ብዬ ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። እኔ የጠየቅሁትን ትዘያለሽ፤ የጠየቅሽውን ግን እመልሳለሁ።

የይግባኙ መልስ መጥቷል። ለሁለት ገጽ ሦስት መስመር፦ "ማብራሪያዎን በጥሞና መርምረናል። በማብራሪያዎም ላይ መሣሪያውን መክፈትዎን አልካዱም። ውሳኔው ጸንቷል።" እውነታቸውን ነው፤ አልካድሁም። ከፈትሁት ማለት አበራሁት ማለት ነው ብዬ አስረዳሁ እንጂ አልከፈትሁም አላልሁም፤ ከፍቼዋለሁና። "አልከፈትሁም ብለህ ብትጽፍ ምን ነበረበት" እንደምትዪኝ ዐውቃለሁ። ያልሁትን አላልሁም ማለት ነበረበት።

ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኗል። በሳምንት ሁለት ቀን እሄዳለሁ። ዘበኛው ቦርሳዬን መፈተሽ ትቷል። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች "ዛሬስ ምን አሉዎት?" ይሉኛል። አንዱ ወፍራም ነጋዴ፣ "አባባ፣ እርስዎ እዚህ ደመወዝ አለዎት እንዴ?" ብሎ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ በር ዘግቶ፣ "አንድ መንገድ አለ" አለኝ። ልዩ አስተያየት ይሉታል። አንድ ፎርም ነው፤ እንዲህ ይላል፦ "መሣሪያውን ያለ ፈቃድ ፈታትቼ መክፈቴን አምኜ፣ ስለ ጥፋቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በልዩ አስተያየት እንዲጠገንልኝ አመለክታለሁ።"

"እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ" አለ።

"ፈታትቼ?"

"አባባ፣ የፎርም ቋንቋ ነው። ማንም አያነበውም።"

"እኔ አነበብሁት።"

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

አዋላጇ ሰምታ እሳት ጎረሰች። "አንተ ሰውዬ፣ በአንዲት ጭረት ሚስትህ ትናገር ነበር!"

"ላልሠራሁት ጥፋት?"

"ወንዶች ላልሠራችሁት ስትመሰገኑ ዝም ትላላችሁ፤ ስትወቀሱ ነው ፍትሕ ትዝ የሚላችሁ።"

አልፈረምሁም።

አንቺ ልጅ ሳለሽ ስድስት ወር ከሥራ የታገድሁት ለምን እንደ ነበር ታውቂያለሽ። ሌላ ሰው ላበላሸው ገጽ እኔ ነኝ ብለህ ፈርም ተብዬ ነው። ያን ጊዜ በእናትሽ ፈረቃ ነው ያደርነው፤ በቀን ሁለት ፈረቃ ትሠራ ነበር። እግሯ አብጦ እየገባች አንድም ቀን ፈርም አላለችኝም።

የእናትሽን ጣት ጠይቀሻል። ሐኪሙ በየቀኑ ካልሠራች ትደርቃለች ብሏል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሞተውን ማሽን ፊቷ አደርግላታለሁ። ጣቷን ቁልፎቹ ላይ ታሳርፍና ትጽፋለች። ቀስ ብላ፣ እንደ ድሮው፣ አንዳንዴም የሳተች ይመስል ወደ ኋላ ተመልሳ እየሰረዘች። ማሽኑ እንደ ጨለመ ነው። ምን እንደምትጽፍ አላውቅም። ስትጨርስ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ክዳኑን እከድንላታለሁ።

አባትሽ


ጥር 29 ቀን

አባዬ፣

ሰላም ላንተና ለእማዬ ይሁን። ቁጣህን በወረቀት እንኳ እፈራዋለሁ፤ ይህችን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኳት። ደረቴ ደህና ነው፤ ሐኪም አይቶኛል፤ ስለሱ ይኸው በቃ።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። እማዬ ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ማታ የላከችልኝ የመጨረሻ መልእክት ገና ሳያልቅ ነው የመጣው፤ ጣቷ ሳታስበው የመላኪያውን ቁልፍ ነክታ መሰለኝ። እንዲህ ይላል፦ "ልጄ፣ አባትሽ አይስማ እንጂ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። እኔ" እዚያ ላይ ቆመ። ነገ እጨርሰዋለሁ ብላ ይሆናል። ነገ ግን ማሽኑ አልበራም።

ሁለት ወር ሙሉ "እኔ" ብላ ምን ልትል ነበር እያልኩ አንሶላ አጥፋለሁ። እኔ እፈልጋለሁ? እኔ አልችልም? እኔ አሞኛል? አንዳንዴ የሥራ ጓደኞቼ "ብቻሽን ምን ታወሪያለሽ?" ይሉኛል። ውሌ ሳያልቅ ጥዬ ብመጣ ተመልሼ አልገባም፤ እሱን ታውቃለህ። እማዬ ደግሞ ያንን ነገር ባንተ ዘንግ እንደማትናገረው አንተም ጽፈህልኛል።

አባዬ፣ ፈርም። ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ መስኮት ላይ ያለችው ልጅም ታውቃለች፣ ሥራ አስኪያጁም ያውቃል። እውነቱን የማያውቅ ሰው ሳይኖር ማንን ነው የምትዋሸው? እኔ በፋንታህ ልዋሽልህ ብችል ዛሬውኑ እዋሽልህ ነበር፤ የሚፈለገው ፊርማ ግን ያንተ ነው።

አንተ ትክክል መሆንህን ማንም አልወሰደብህም። እማዬን ግን ወሰዱብኝ።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ አንብብላት። እባክህ መስመር አትዝለል፤ እንደምትዘል አውቃለሁ።

ልጅህ


የካቲት 12 ቀን

ልጄ፣

መስመር ሳልዘል አነበብሁላት። "አባትሽ አይስማ" የሚለውንም ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ አንባቢውም እኔ፣ መስማት የሌለበትም እኔ። እናትሽ ጣሪያውን አየች። ምን ልትያት ነበር ብዬ አልጠየቅኋትም። ያን ያህል ጨዋነት ተርፎኛል።

"ልፈርም?" ብዬ ብቻ ጠየቅኋት።

አልጨፈነችም፤ አላፈጠጠችም። ዐይኗን ወደ ገበታው ወሰደች፤ መናገር ስትፈልግ እንደዚያ ነው። ዘንጉን አነሳሁ። ሀ ብዬ ጀመርሁ። "ቀ"ን አለፍን፣ "በ"ን አለፍን። "ተ" ላይ ጨፈነች፤ ግዕዙ ላይ ቆመች። እንደ ገና ከላይ ጀመርሁ። "ወ" ላይ ጨፈነች፤ ወደ ጎን ሄድሁ፤ ሳድሱ ላይ ጨፈነች። ተው። ሌላ ፊደል አልፈለገችም። ረጅም ቃል ያደክማታል፤ ከገበታው ዐይኗን አነሳች።

ተው አለችኝ። በዚህ ቤት ስንት ሺህ ጊዜ የሰማሁት ቃል ነው። ግትርነትህን ተው ማለቷ ነው። ኮቴን ለብሼ ወጣሁ።

ፎርሙን ከኪሴ አውጥቼ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። ባለፈው ሳነበው ንዴት ዐይኔን ጋርዶት ነበር፤ አሁን በረጋ ልብ ሳየው "ይቅርታ" የሚለው ቃል "ይቅታ" ተብሎ ታትሟል። ብዕሬን አንሥቼ የጎደለውን "ር" ከላይ ጨመርሁ።

"አባባ! ፎርም ላይ አይታረምም!" ብላ ጮኸች ያቺ ሠራተኛ።

"እንግዲያው አስተካክለሽ አትሚልኝ።"

"በስንት ጊዜዎ ሊፈርሙ መጥተው ደግሞ? ማንም እኮ አያነበውም!"

"ውሸቱ ላይ እፈርማለሁ። ስህተቱ ላይ ግን ወይ ፍንክች።"

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች፤ ተመለሰች፤ አንዱን ኮምፒውተር ከፈተች፤ ሌላ ወረቀት አተመች። ከኋላዬ ሰልፉ አጉረመረመ። አዲሱን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት፤ ፊደሉ ሁሉ ልክ ነበር። ፈረምሁ። ደጅ ከወጣሁ በኋላ የኮቴን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ዘበኛው መጥቶ እንደ ሕፃን ቆለፈልኝ፤ ምን ሆኑ ብሎ አልጠየቀኝም።

በሁለት ሳምንት ይደርሳል ብለዋል። ቤት ገብቼ "ፈረምሁ" አልኋት ለእናትሽ። አተኩራ አየችኝ። የደከማት መሰለኝና ወደ ግድግዳው አዞርኋት።

ያልሽኝን አድርጌአለሁ። አሁን ጠብቂ።

አባትሽ


መጋቢት 5 ቀን

ልጄ፣

ማሽኑ ተሠራ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አልተሠራም፤ አይሠራምም። ከልዩ አስተያየት ክፍሉ የመጣው መልስ ይህ ነው፦ "ደንበኛው መሣሪያውን ፈታትተው መክፈታቸውን በፊርማቸው አምነዋል። በደንበኛ የተፈታ መሣሪያ በልዩ አስተያየትም አይስተናገድም። ፋይሉ ተዘግቷል።"

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ፊቴ አንብቦ አንገቱን ደፋ። "እንዲህ ይላሉ ብዬ አላሰብኩም፣ አባባ። አምና ለሦስት ሰው ሠርተውላቸዋል" አለኝ። እየዋሸ አይደለም፤ ፊቱን አይቻለሁ። ልጮህበት ነበር የሄድሁት። ግን ምን ብዬ? አልፈታሁም ልበል? ፊርማዬ ፈትቻለሁ ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ቢያንስ ያ ነበረኝ፤ እነሱ የሚሉት አንድ ነገር ነው፣ እኔ የምለው ሌላ ነው እል ነበር። አሁን የምንለው አንድ ሆነ። ሻይ አዘዘልኝ። ጠጣሁት።

የሚያግደኝ ነገር ስለሌለ ከዚያ ወጥቼ ወደ ሰፈር ጠጋኙ ወሰድሁት። እሽጉን በጥፍሩ ላጠው፤ ብሎኖቹን ፈትቶ ክዳኑን አነሳ፤ በባትሪ አየ። ማዘር ቦርዱ ተቃጥሏል፤ ይህን ዕቃ የሚያመጣው ያው ኩባንያ ብቻ ነው፤ ለውጭ ሰው አይሸጡም አለኝ።

"ከእኔ በፊት የከፈተው ሰው አለ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"የለም፣ አባቴ። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው። ያስታውቃል።"

"በጽሑፍ ትሰጠኛለህ?"

"ምን ያደርግልዎታል?" አለኝ። እውነቱን ነው። ጠቅልዬው ወጣሁ።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን አሁን እመልሳለሁ። "እማዬ ተው ያለችህ አትፈርም፣ ነገሩን ተወው ማለቷ ቢሆንስ?" ብለሻል። ከዚህ ጥያቄ በፊት እኔ ያላሰብሁት አይምሰልሽ። ከፈረምሁበት ቀን ወዲህ ዘንጉን ሳነሳ እናትሽ ታፈጣለች። ውሃ ነው? ታፈጣለች። ትራሱ ነው? ታፈጣለች። ሀ ብዬ ፐ እደርሳለሁ፤ አንድም ፊደል አትይዝም። አዋላጇ ዘንጉን ተቀብላኝ ሞከረች፤ ለእሷም ያው ነው። ማሽኑን ፊቷ አድርጌላት ነበር፤ ጣቷን አታነሳም።

ደብዳቤሽ የደረሰ ዕለት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁና ጠየቅኋት።

"ፈርም ማለትሽ ነበር?"

አየችኝ። አልጨፈነችም።

"አትፈርም ማለትሽ ነበር?"

ዐይኗን ጨፈነች።

እስክትከፍተው ጠበቅሁ። ሁልጊዜ ጨፍና ወዲያው ትከፍታለች፤ አዎ እንደዚያ ነው። አልከፈተችውም። አዎ ማለቷ ነው፣ እኔን ማየት ጠልታ ነው፣ ወይስ እንቅልፍ ወስዷት ነው፣ እንጃ። ትንፋሿን አዳመጥሁ፤ በዚህ ጆሮዬ ምን ይሰማል? እጇን ያዝሁ፤ ያች ጣት እንኳ አልመለሰችልኝም። አዋላጇ ራቷን ይዛ እስክትገባ ድረስ እንደ ተጨፈነ ነበር። ድጋሚ አልጠየቅኋትም። አዎ ካለች የምመልሰው የለኝም።

ለአንቺ "እኔ" ብላ ልትነግርሽ የነበረውን አላውቅም። ከእኔ እንዲመጣልሽ አትጠብቂ።

አንቺ ጻፊ። ስለ ሥራሽ ጻፊ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጓደኞችሽ፣ ስለ ፈለግሽው ጻፊላት። አነብላታለሁ። ስለዚያ ማሽን፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ፊርማዬና ስለ እናትሽ ቃል ግን ከእንግዲህ አትጠይቂኝ። ከዚህ በኋላ ለአንቺም ሆነ ለማንም አንዲት ቃል አልናገርም።

አባትሽ